ማን ነገረህ?



ከሳሪስ ቁልቁል ወርዶ፣ ቃሊቲን አቋርጦና አቃቂን ሰንጥቆ ወደ ደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) የሚዘልቀውን የድሮ መንገድ የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ ተወልጄ ያደግኩት በዚሁ መንገድ ዳር፣ አቃቂ ነው። በልጅነቴ ከሰፈራችን አባቶች ስሰማቸው ካደግኳቸው ወሬዎች አንዱ የአንዲት ቮልስዋገን መኪና ወሬ ነበር። የመኪናዋ ባለቤት ጋዜጠኛና ደራሲ በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ተጥላ ተገኘች። እሱ ግን እንዴት እንደሞተም ሆነ አስከሬኑ የት እንዳረፈ እስከ ዛሬ በማስረጃ የታወቀ ነገር የለም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የጋዜጠኝነት ሥራ እንደጀመርኩ ስለዚች መኪና አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት አሰብኩና ደብተሬን ይዤ ያኔ ጎልማሳ የነበሩትን የሰፈራችንን አባቶች መጠየቅ ያዝኩ። አንደኛው መኪናዋ የቆመችው ከድልድዩ ወዲህ ነው አሉኝ። ሁለተኛው፣ የለም ከድልድዩ ወዲያ ነው አሉ። ሦስተኛው ደግሞ ዛሬ ጉምሩኩ ካለበት አካባቢ እንደነበር ምለው ነገሩኝ። የአንደኛው መኪና በሯ ተበርግዶ፣ የሁለተኛው ተቆልፎ፣ የሦስተኛው ደግሞ ሞተሯ ገና ሳይበርድ ነበር የተገኘችው። «አባባ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋታል?» ስላቸው ሦስተኛው አባት ቆጣ ብለው፣ «አገር ያወቀውን ነገር አየህ አላየህም ብለህ ትጠይቀኛለህ?» አሉኝ። «ታዲያ ማን ነገረዎት?» ብዬ ስጨምር ግን ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «እንጃ ልጄ፣ ሲወራ ነው የሰማሁት» አሉኝ።

እነዚህ አባቶች ውሸታሞች አይደሉም። ሁለቱ ከመስጊዳችን የመጀመሪያ ሰፍ የማይታጡ፣ በሰፈሩ ሽምግልና ቃላቸው የሚከበር ሰዎች ናቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ታሪኩ መካከሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ሰውዬው ከቤት ወጣ፤ መኪናዋ ተገኘች፤ በመካከል የሆነውን የሚያውቅ ሰው ግን አልተናገረም። ሰሚ ደግሞ ቀዳዳ ያለበት ታሪክ አይወድም። አንዱ በር ይከፍትለታል፣ ሌላው ሞተር ያሞቅለታል። ተራኪው የጨመረውን ሰሚው ሳያውቅ ተቀብሎ፣ ለቀጣዩ ሰሚ እንደ ዓይን ምስክር ያስተላልፈዋል። ያን ጊዜ ጽሑፉን ሳልጽፈው ቀረሁ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የፈለግኩትም ስለዚሁ ነው። «እውነተኛ ታሪክ» ብለን በምንጽፈውና በምናነበው ነገር ውስጥ ፈጠራ እስከ የት ድረስ መግባት ይችላል? ከገባስ አንባቢው በምን ይለየዋል?

ውሉ

ማንኛውም ጽሑፍ ከአንባቢው ጋር ውል አለው። እናቶቻችን ይህን ከእኛ ከተማርነው በተሻለ ያውቁበት ነበር። ተረት ሊነግሩን ሲሉ መጀመሪያ «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኛም «የመሠረት» ብለን እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ ጅብ ቢናገር፣ አህያ ብትፈርድ ማንም ልጅ «ማን ነገረሽ?» አይልም። ውሉ ተፈርሟል። ተረቱ ሲያልቅም በመዝጊያው ቃል ውሉ ይፈርሳል፤ ወዲያው ስለ ጎረቤት መታመም ወሬ ቢጀመር ያ ሌላ ወሬ፣ ሌላ ውል ነው።

አማርኛችን ራሱ መለያ አለው። «እገሌ ታሰረ» እና «እገሌ ታሰረ አሉ» አንድ አይደሉም። ይህች «አሉ» የምትባል ትንሽ ቃል የተናጋሪውን እጅ ከነገሩ ታነጻለች፤ አይቻለሁ አላልኩም ትላለች። ጋዜጠኛ ሲሆኑ ግን መጀመሪያ የሚጥሉት ይህችኑ ቃል ነው። «አሉ» የሚል አረፍተ ነገር ደካማ ይመስላል፤ አዘጋጁም ይሰርዘዋል።

አራት ኪሎና መርካቶ ላይ መንገድ ዳር ከሚዘረጉት መጻሕፍት ስንቶቹ ሽፋናቸው ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል እንደሚያነቡ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይህን ሐረግ ባየሁ ቁጥር መሠረቱስ እሺ፣ ቤቱስ? እላለሁ። መሠረቱ የእውነት ድንጋይ ከሆነ በላዩ የቆሙት ሦስት ፎቆች የማን ናቸው? አንባቢው የገዛው እውነት መስሎት ነው፤ ጸሐፊው ሲጠየቅ ደግሞ «ልብ ወለድ ነው እኮ» ብሎ ያመልጣል። በሁለት ሚዛን መሸጥ ይሏል ይህ ነው።

ሁለት መጻሕፍት

በዚህ ጉዳይ ላይ ከአገራችን ታሪክ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ያስተምራሉ።

አንደኛው የበዓሉ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ጋዜጠኝነትን በአሜሪካ ሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጭምር የተማረ፣ «መነን» መጽሔትንና «አዲስ ዘመን» ጋዜጣን የመራ፣ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ያገለገለ ሰው ነበር። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄዶ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ተሳትፏል። ያየውን ይዞ ተመለሰና በ1975 ዓ.ም. ልብ ወለድ አድርጎ አሳተመው። ዋናው ባለታሪክ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የፈጠራ ሰው ነው፤ ፊያሜታ ጊላይም እንዲሁ። ዘመቻው ግን የፈጠራ አልነበረም። ባለሥልጣኖቹ በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን አገኙ፤ አንባቢውም አገኛቸው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በተከታዩ ዓመትም ያ የቃሊቲው ነገር ሆነ።

ልብ በሉ፦ በዓሉ ውሉን አላፈረሰም። «ልብ ወለድ» ብሎ ሰጠን፤ በውስጡ እውነት ቢገኝ የጨመረልን እንጂ ያጎደለብን ነገር የለም። የተቀጣውም በዋሸው ሳይሆን በተናገረው እውነት ነው። ዛሬ ውሉን የምናፈርሰው እኛ አንባቢዎቹ ነን። «ኦሮማይ» ላይ በተጻፈ የስብሰባ ንግግር፣ በእርግጥ የተነገረ ይመስል፣ ስለ ዘመቻው ታሪክ ሲከራከሩ የሰማኋቸው የተማሩ ሰዎች አሉ። መጽሐፉ በ2025 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷልና ከእንግዲህ ደግሞ የውጭ አገር ሰው እንደ ታሪክ ሰነድ ሊጠቅስልን ይችላል። የታሪክ ተማሪ ከልብ ወለድ የዘመኑን አየር፣ ፍርሃቱንና ሽታውን ሊቀስም ይችላል። ማን በየትኛው ቀን ምን አለ ለሚለው ግን ሌላ ምስክር መፈለግ አለበት።

ሁለተኛው መጽሐፍ የተጻፈው በባዕድ እጅ ነው። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የተባለ የፖላንድ የዜና ወኪል ዘጋቢ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የቤተ መንግሥት አገልጋዮችን በድብቅ አነጋገርኩ ብሎ በ1978 (እ.ኤ.አ.) «ንጉሠ ነገሥቱ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በበርካታ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ ደራሲው በ2007 (እ.ኤ.አ.) እስኪሞት ድረስ በዓለም ከታወቁት ጋዜጠኞች አንዱ ነበር። ተናጋሪዎቹ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነው የሚጠሩት። አንዱ አገልጋይ ሥራዬ ሉሉ የተባለችው የንጉሡ ውሻ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና በሐር ጨርቅ መጥረግ ነበር ይላል፤ ይህንንም አሥር ዓመት ሠራሁት ይላል። ሌላው ንጉሡ በተቀመጡበት ሁሉ ከእግራቸው ሥር ትራስ የሚያስቀምጥ ነው፤ ሃምሳ ሁለት ትራሶች ነበሩኝ ይላል። ውሻዋ በእርግጥ ነበረች። የጫማ ጠራጊውን ግን ፈልጎ ሊያገኘው የሚችል አንባቢ የለም።

በመጽሐፉ ውስጥ ንጉሡ የማንበብ ልማድ እንዳልነበራቸው፣ ነገር ሁሉ በቃል ብቻ ይቀርብላቸው እንደነበር ተጽፏል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሐረር ከፈረንሳይ ሚሲዮናውያን የተማሩ፣ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ የሕይወት ታሪካቸውን ያዘጋጁ ሰው መሆናቸውን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው አሜሪካዊው ሃሮልድ ማርከስ የመጽሐፉን ስሕተቶች ጽፎ ነቅፏል። እኔ ግን ምሁር መጥቀስ ሳያስፈልገኝ በአማርኛ ጆሮዬ ብቻ የምመሰክረው ነገር አለ፦ እነዚያ አገልጋዮች የሚናገሩት የእኛን ሰው አነጋገር አይደለም። «ጃንሆይ» ብሎ ያደገ ሰው እንደ አውሮፓ ቤተ መንግሥት ተዋናይ በየአረፍተ ነገሩ አዳዲስ ማዕረግ አይደረድርም።

ለደራሲው የሚከራከሩለት ሰዎች ጥሩ መልስ አላቸው፤ መደበቅ አልፈልግም። ካፑሽቺንስኪ የጻፈው በፖላንድ ኮሚኒስት መንግሥት ሳንሱር ሥር ነው። የአገሩ አንባቢ ስለ ሩቅ ንጉሥ ሲያነብ ስለ ራሱ አለቆች እንደሆነ ይገባው ነበር፤ መጽሐፉ ምሳሌ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የዋርሶ አንባቢ ጥቅሻውን ያውቃል። የለንደንና የኒውዮርክ አንባቢ ግን ጥቅሻውን አላየም፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ ዘገባ ብሎ ነው የገዛው። ለአንዱ ሕዝብ ምሳሌ ለመስጠት የሌላውን ሕዝብ ስም በሐሰት ምስክርነት መጠቀም ይፈቀዳል ወይ? በ2010 (እ.ኤ.አ.) አርቱር ዶሞስዋቭስኪ የተባለ የገዛ አገሩ ጋዜጠኛ የሰውዬውን የሕይወት ታሪክ ሲያሳትም ይኸው ጥያቄ ፖላንድን ራሷን አነጋግሯል።

ደግሞስ የንጉሡን ዘመን ለመውቀስ የሐር ጨርቅ ያስፈልግ ነበር? የወሎ ረሃብ ብቻውን አይበቃም? ያ ረሃብ በእርግጥ ነበር፣ በእርግጥም ተደብቆ ነበር። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ቀርጾ ለዓለም አሳየው። ፊልሙ ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው በዋዜማው ነው። ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና የድግስ ሥዕሎች ተሰክተውበት ነበር። ረሃቡም እውነት፣ ድግሱም እውነት፤ የፈጠራ ሥዕል አንድም አልነበረበትም። ተመልካቹ ግን አንዱ ሲበላ ሌላው በዚያችው ደቂቃ ሲሞት አየ። ይህን ያሳየው መቀሱ ነው። የእኛ አንባቢ ደግሞ ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አያስፈልገውም፤ በጥር 2005 ዓ.ም. «ጀሃዳዊ ሐረካት» በሚል ርእስ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበውን ያስታውሳል። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት የነበረ እስረኞች ተቀርጸው የተናገሩት በአዘጋጆቹ ተመርጦና ተቀጥሎ «ዘጋቢ ፊልም» ተባለ። ዘጋቢው ማን ነበር?

ዑለማዎች ምን አሉ?

ይህን ጥያቄ እኛ የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች አይደለንም። የሐዲስ ዑለማዎች ከሺህ ዓመት በፊት ሥራዬ ብለው ይዘውታል። ጋዜጣ ሐዲስ አይደለም፤ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሚተላለፍ ቃልና በአቃቂ ወሬ መካከል ያለውን ልዩነት አጠፋለሁ አልልም። ነገር ግን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው በየዕለቱ ለሚመጣው ወሬ ነው። ዑለማዎቹ የሠሩትንም መሣሪያ በዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት የዘገባ ትምህርት ጋር ሳስተያየው የእነሱ ይበልጥ ስለት ያለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለምሳሌ ተድሊስ የሚሉት ነገር አለ። አንድ ዘጋቢ ከሸይኹ በቀጥታ ያልሰማውን ነገር በቀጥታ የሰማ አስመስሎ ሲያስተላልፍ ነው። «ነገረኝ» ቢል ይዋሻልና እንዲያ አይልም፤ «ከእገሌ» ብሎ ብቻ ያልፋል። ሰሚው በራሱ እጅ ይሳሳታል። በ160 ዓ.ሂ. የሞቱት ሹዕባ ኢብኑል ሐጃጅ ተድሊስን የውሸት ወንድም አድርገው ነው ያዩት። አሁን እስቲ ጋዜጦቻችንንና ትዝታ መጻሕፍትን ግለጡ። «ሚኒስትሩ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ በመስኮት ወደ ጨለማው ተመለከቱ።» ጸሐፊው መስኮቱ አጠገብ ነበር? ሚኒስትሩ ነገሩት? ሾፌሩ ከሌላ ሾፌር ሰማ? የተጻፈው አረፍተ ነገር አይነግረንም። እንዳይነግረን ሆኖ ነው የተሠራው።

ኢድራጅ ደግሞ አለ። ዘጋቢው ለማብራራት የተናገረው የራሱ ቃል ሳይታወቅ ከሐዲሱ ቃል ጋር ሲቀላቀል ነው። ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም፤ አስተማሪ ሲያስረዳ ተማሪው ሁሉንም አብሮ ይጽፈዋል። ኸጢብ አል-ባግዳዲ (በ463 ዓ.ሂ. የሞቱት) ይህን ለመለየት ብቻ አንድ ትልቅ ኪታብ ጽፈዋል። አንድን ጭማሪ ከዋናው ነጥሎ ለማውጣት የአንድ ዕድሜ ድካም ሲከፈል፣ እኛ ግን ለማሳመር ብለን በአንድ ቀን አሥር እንጨምራለን።

አጥብቀው ቢይዙም ግን የማይቻለውን አልጠየቁም። የሰው ቃል በትክክል እንደተነገረ ላይታወስ ይችላል። ስለዚህ አብዛኞቹ ዑለማዎች ትርጉሙን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው በትርጉም መዘገብን ፈቅደዋል። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ሲጨርሱ «አው ከማ ቃል» ይሉ እንደነበር ይታወቃል፤ «ወይም እንዳሉት» ማለት ነው። ሦስት ቃል ብቻ! ከሃያ ዓመት በፊት የተደረገን ጭውውት በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቶ አራት ገጽ የሚሞላ ጸሐፊ ይህችን ሦስት ቃል ከግርጌ ቢያኖር ምን ይጎድልበታል? አንባቢው ያን ጊዜ የሚያነበው የሰውዬውን ድምፅ ሳይሆን የጸሐፊውን ትዝታ መሆኑን አውቆ ያነባል።

«ለበጎ ዓላማ ከሆነስ?» የሚል ጥያቄ ከጋዜጠኛ ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ድሃን ለመርዳት፣ ግፍን ለማጋለጥ፣ ጥቂት ቢያጋንኑስ? ለዚህ የመርው ቃዲ የነበረውን ኑሕ ኢብን አቢ መርየምን አስታውሳቸዋለሁ። ስለ እያንዳንዱ የቁርኣን ሱራ ትሩፋት የሚናገር ሐዲስ ፈጥሮ አሰራጭቷል ተብሎ ተዘግቧል። ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት ሰዎች በአቡ ሐኒፋ ፊቅህና በኢብን ኢስሐቅ የዘመቻ ታሪክ ተጠምደው ከቁርኣን ስለራቁ ልመልሳቸው ብዬ ነው የሚል ነበር። ዓላማው ከዚህ በላይ ምን ያምራል? ዑለማዎቹ ግን አልተቀበሉትም። ብዙ ዕውቀት በመሰብሰቡ «አል-ጃሚዕ» (ሰብሳቢው) ይባል ነበርና ኢብን ሒባን ከእውነት በስተቀር ሁሉን ሰበሰበ ብለው ዘግተውታል።

ስለ ተረት ተራኪዎች (ቁሷስ) የሚነገረውን የሩሷፋ መስጊድ ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። አሕመድ ኢብን ሐንበልና የሕያ ኢብን መዒን በአንድነት ሰግደው እንደጨረሱ አንድ ተራኪ ተነስቶ፣ አሕመድ ኢብን ሐንበልና የሕያ ኢብን መዒን ነገሩኝ ብሎ የወርቅ ምንቃር ስላላቸው ወፎች ረጅም ሐዲስ ያወርድ ጀመር። ሁለቱ ዑለማዎች አንተ ነገርከው ወይ? እየተባባሉ ተያዩ። የሕያ ሰውዬውን ጠርተው የሕያ ማለት እኔ ነኝ ቢሉት፣ በዓለም ላይ ከእናንተ ሌላ የሕያና አሕመድ የሌለ ይመስላችኋልን፤ እኔ ከአሥራ ሰባት አሕመድ ኢብን ሐንበል ጽፌአለሁ አላቸው።

ግሩም ታሪክ ነው፤ በስንት ሙሐደራ ላይ ሰምቼ ስቄአለሁ። ሆኖም ኢማም አዝ-ዘሀቢ (በ748 ዓ.ሂ. የሞቱት) የዘጋቢዎችን ማንነት በሚመረምሩበት ኪታባቸው ይህን ታሪክ ካስተላለፉት አንዱን ሰው ማንነቱን አላውቀውም፣ ታሪኩንም ራሱ ፈጥሮት እንዳይሆን እፈራለሁ ብለዋል። ስለ ፈጠራ ተራኪዎች የሚነገረው ታሪክ ራሱ ፈጠራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ታሪኩ ከዑለማዎቹ ወገን ነው፤ ተራኪዎቹን ያዋርዳል፤ ቢተዉት ይጠቅማቸው ነበር። አልተዉትም።

በሌላው ዓለም ያለውን ባጭሩ ልለፈው። አሜሪካዊው ትሩማን ካፖቴ በ1966 (እ.ኤ.አ.) በካንሳስ ስለተገደሉ አራት የአንድ ቤተሰብ አባላት የጻፈውን መጽሐፍ ሁሉም ቃል እውነት ነው ብሎ ምሎበታል። ብዙ አንባቢ ያስለቀሰው የመጨረሻው የመቃብር ቦታ ትዕይንት ግን ከቶ ያልተደረገ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ለምን ጨመረው? መጽሐፉ የሚያልቅበት ጥሩ ቦታ አጥቶ ነው። ይህን ምክንያት አሳምሬ አውቀዋለሁ።

የእኔ ነገር

አዎን፣ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ጋዜጣ ላይ (ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና) ከአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ በሽመና ማሽን ላይ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ አንድ ጡረተኛ ጽፌ ነበር። ስማቸውንም አልጽፍም። ሁለት ከሰዓት ሙሉ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው። ስለ ማሽኑ ድምፅ፣ ስለ ሌሊት ፈረቃ፣ ስለ ጥጥ ብናኝ ብዙ አጫወቱኝ። የመጨረሻዋን የሥራ ቀን እንዴት እንዳሳለፏት ስጠይቃቸው ግን ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይህ ብቻ ነው፦ «ሂሳቤን ተቀበልኩ። ወጣሁ። ዝናብ ነበር።»

ይህ ለጽሑፍ መጨረሻ የሚሆን አልመሰለኝም። ስለዚህ ጻፍኩ፦ ሽማግሌው ማሽናቸውን በእጃቸው ዳበሱት፤ ግንባራቸውን ብረቱ ላይ ደፍተው ቆዩ፤ እንባቸው ወረደ፤ ዱዓ አደረጉ። አዘጋጁ አንብቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጽሑፉ ተወደደ፣ በሬዲዮም ተነበበ።

በሳምንቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሽማግሌው በመስጊዱ በር ጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል።

«ልጄ፣ ያ ብረት ላይ ግንባሩን የደፋው ሰውዬ ማን ነው?»

«አባባ፣ ለጽሑፉ ማሳመሪያ ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ።

አልሳቁም። «እኔ ግንባሬን ለብረት አልደፋም» አሉኝ፤ ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ። በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ ግንባራቸውን ለማን ሲደፉ እንደኖሩ እያወቅሁ ምን ጻፍኩባቸው? እርማት ማውጣት ነበረብኝ። በጥቂት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ነገ ስል አላወጣሁም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አኼራ ሄዱ። በተዕዚያው ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ስለ ታታሪነታቸው ሲናገር ያንን ትዕይንት አነሳው፤ ማሽኑን፣ ግንባሩን፣ እንባውን። የምጠጣው ሻይ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ታላቅ ልጃቸው ራሱን ነቀነቀና፣ «አዎ፣ አባቴ ይህን ሲነግረኝ እንኳ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር» አለ። ልጁ አልዋሸም። ያቺ የእኔ አንቀጽ ስንት ጊዜ ተነብባለት፣ ስንት ጊዜ ሰምቷት፣ በራሱ ትዝታ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ሰው ቤት ገብቼ ያልነበረ ዕቃ አስቀምጬ ወጥቻለሁ፤ ምናልባትም የነበረውን ገፍቼ።

ከወር በኋላ ደብተሬን ይዤ ሱቁ ሄድኩ፤ ከአቃቂ ገበያ ወረድ ብሎ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ታዲያ ለአንተ ምን ነበር ያለህ?» አለኝ በመጨረሻ።

ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። ሦስቱን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ቀስ እያለ አነበበ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«ልክ ነው። በስብሶ ነው የመጣው። ልጅ ነበርኩ፤ ጫማውን ያወለቅኩለት እኔ ነኝ፤ ውሃ ጠጥቶ እምቢ ብሎኝ ነበር። ይህን ስንት ዘመኔ ነው ካሰብኩት?»

ገጹን እንድሰጠው ጠየቀኝ። ገንጥዬ ሰጠሁት። ይህን ሲለኝ አንዲት ልጅ መጥታ ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠየቀችው፤ ገጹን ዱቤ በሚመዘግብበት ደብተር ውስጥ አስገብቶ ሊመዝንላት ተነሳ።